ሚኬላንጄሎና የእመቤታችን የኀዘን ምስል

ሚኬላንጄሎ ቡዎናሮቲ በኤውሮጳ አቈጣጠር በ1475 ዓመት በኢጣልያ አገር ተወለደ። በ1498 ዓመት አንድ ፈረንሳዊ ካርዲናል፥ እመቤታችን ከመስቀል የወረደውን ልጇን በጭኗ ታቅፋ የምትታይበት ሐውልት ለመቃብራቸው እንዲቀርጽላቸው ተዋዋሉት። እርሱም እብነ በረዱን ከካራራ ተራራ ራሱ ሄዶ አስመጥቶ፥ ዛሬ በሮማ በቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን የሚታየውን ምስል በ1499 ዓመት ገደማ ፈጸመ። የእናቲቱ ፊት ከልጇ ይልቅ ወጣት ነው ብለው የነቀፉ ነበሩ፤ ኃጢአት ያልነካው ፊት እንዴት ያረጃል ብሎ ለሚያስብ ምእመን ግን ነቀፋው ከንቱ ነው። ያን ጊዜ 24 ዓመት የሆነው ወጣት፥ በእመቤታችን ደረት ላይ በሚያልፈው መታጠቂያ ስሙን ቀረጸ። ከሥራዎቹ ሁሉ ስሙን የጻፈበት ይህ ብቻ ነው።

ከሸመገለ በኋላ የቅዱስ ጴጥሮስን ሕንጻ ያለ ደመወዝ እየመራ፥ ሌሊት ሌሊት ለገዛ መቃብሩ ሌላ የኀዘን ምስል ይቀርጽ ነበር፤ ጌታን ከኋላ ለሚደግፈው ሽማግሌም የራሱን መልክ እንደ ሰጠው ይነገራል። ኋላ ግን በመዶሻ ሰባበረው፤ ደቀ መዝሙሩ ጠግኖት ዛሬ በፊሬንዜ አለ። በሚላኖ የሚገኘውን የመጨረሻውን በ1564 ዓመት፥ በ88 ዓመቱ፥ ሊሞት ጥቂት ቀን እስኪቀረው ድረስ ይጠርበው ነበር። እናትና ልጅ ተደጋግፈው ከድንጋዩ ገና ያልወጡ ይመስላሉ፤ ስምም የለበትም።