ከባርነት ቤት እስከ ሶርቦን፦ የወይዘሮ አና ጁሊያ ኩፐር ሕይወት

ጉባ ሲባል የዘመናችን ተማሪ አሳብ ወዲያው ወደ ዓባይ ግድብ ይሮጣል። ነገር ግን ያ ቆላ ከግድቡ በፊት ሌላ ታሪክ ነበረው፤ ይኸውም የጉሙዝ ልጆች እየተፈነገሉ ለባርነት የሚሸጡበት አገር መሆኑ ነው። ኢትዮጵያ በ1923 የዓለም መንግሥታት ማኅበር አባል ለመሆን ስትጠይቅ ብዙ ክርክር ያስነሣው ይኸው የባሪያ ንግድ ነበር (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ማርች 23 ቀን 1925፣ አንዲት የ66 ዓመት ጥቁር ወይዘሮ በፓሪስ በሶርቦን መምህራን ፊት ቀርበው ፈረንሳይ ከአብዮቷ ጊዜ ጀምሮ በባርነት ላይ የነበራትን አቋም ስለ መረመረው ጽሑፋቸው ተጠየቁ። ነገሩን ከመጽሐፍ ብቻ ያወቁት አልነበረም። እናታቸው በባርነት የኖሩ ሲሆኑ እርሳቸውም በባርነት የተወለዱ ናቸው።

አና ጁሊያ በ1858 በሰሜን ካሮላይና በራሌይ ከተማ ተወለዱ። ከባርነት ነጻ ለወጡት በተከፈተው በቅዱስ አውግስጢኖስ ትምህርት ቤት በ1868 ገብተው፣ ገና በልጅነታቸው ሌሎችን ተማሪዎች ያስጠኑ ጀመር። የግሪክ ቋንቋ ትምህርት ግን ለክህነት ለሚዘጋጁ ወንዶች ብቻ የተለየ ነበር። ተሟግተው ገቡበት፤ በኋላም የግሪክ ቋንቋ መምህሩን ኩፐርን አገቡ። ባላቸው በ1879 ሞቱ።

ከዚያ ወደ ኦበርሊን ኮሌጅ ሄዱ። በ1884 አብረዋቸው ከተመረቁት መካከል ሜሪ ቸርችና አይዳ ጊብስ የተባሉ ሁለት ጥቁር ሴቶች ነበሩ። የእነዚህ ሦስት ሴቶች ጓደኝነት በምረቃ ቀን አላበቃም። ኩፐርና ሜሪ ቸርች ቆይተው በዋሽንግተን በአንድ የጥቁሮች ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተማሩ፤ በ1892 ደግሞ ከሌሎች ጋር ሆነው የጥቁር ሴቶች ማኅበር አቋቋሙ።

ትምህርት ቤቱ ኤም ስትሪት ይባል ነበር፤ በ1916 ደንባር ተባለ። ኩፐር ከ1902 እስከ 1906 ዲሬክተር ሆነው ተማሪዎቻቸውን እስከ ሃርቫርድ አደረሱ። ለጥቁር ልጅ የእጅ ሥራ ይበቃዋል ለሚሉ ሰዎች ይህ አልተዋጠላቸውምና ከሥልጣናቸው አስነሡዋቸው። በ1910 ተመልሰው እዚያው ተራ መምህርት ሆኑ።

ስለ ኩፐር ሲነገር ብዙ ጊዜ ብቻቸውን ተራራ እንደ ወጡ ጀግና ይሣላሉ። እኔ ይህ አነጋገር አይጥመኝም። በ1921 ሦስት ጥቁር አሜሪካውያት፣ ጆርጂያና ሲምፕሰን፣ ሴዲ ሞሰልና ኢቫ ዳይክስ፣ ከወገናቸው ሴቶች የመጀመሪያዎቹ ሆነው የዶክትሬት ማዕረግ አገኙ። ሞሰልና ዳይክስ የኤም ስትሪት ተማሪዎች የነበሩ ሲሆኑ፣ ሲምፕሰንና ዳይክስ ደግሞ ዶክተር ከሆኑም በኋላ በደንባር ያስተምሩ ነበር። እንግዲህ ኩፐር ለፓሪስ ጉዞ ሲዘጋጁ ባልደረቦቻቸው ውስጥ መንገዱን የጨረሱ ሁለት ሴቶች ነበሩ። ከጉባ ተነሥታ ከፍተኛ ትምህርት የምትገባ እኅታችን ወንበር ታገኝ ይሆናል፤ እንዲህ ያሉ ሁለት ባልደረቦች ግን የት ታገኛለች? እዚሁ ግቢ ውስጥ ያለነው ልናስብበት የሚገባ ጥያቄ ይመስለኛል።

መንገዱ ግን ረጅም ነበር። ኩፐር በ1914 በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ትምህርት ቢጀምሩ፣ በማግሥቱ ዓመት እናታቸው የሞተችባቸውን አምስት የዘመድ ልጆች ተረከቡ። ኮሎምቢያ አንድ ዓመት ኒው ዮርክ ተቀመጡ ይላል፤ ልጆቹና ሥራው ደግሞ ዋሽንግተን ናቸው። ስለዚህ የተማሩትን ወደ ሶርቦን አዛወሩ። በ1924 የሕመም ፈቃድ ወስደው ፓሪስ ሳሉ፣ በ60 ቀን ውስጥ ካልተመለሱ ከሥራ እንደሚሰናበቱ ወሬ መኖሩን አንድ ወዳጅ በቴሌግራም አስታወቃቸው። የፓሪሱን ምርምር እንደ ምንም አሰናድተው፣ ቀኑ ሊያልፍ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው ክፍላቸው ገቡ። ያ ቴሌግራም ባይደርስ እንጀራቸው በቀረ ነበር።

ማዕረጉን ካገኙ በኋላ ዲፕሎማው ባሕር ተሻግሮ መጣላቸው። ዲሴምበር 29 ቀን 1925 በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ በክብር ሲቀበሉ፣ በዓሉን ያሰናዱት አልፋ ካፓ አልፋ የተባለው የጥቁር ሴት ተማሪዎችና ምሩቃን ማኅበር አባሎች ነበሩ። አብዛኞቹ በዕድሜ ልጆቻቸው ይሆናሉ።

ከ1930 ጀምሮ ቀን ሲሠሩ የሚውሉ ጥቁሮች ለሚማሩበት ለፍሬሊንግሃይዘን ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት ሆኑ። ተቋሙ ለሕንጻው የሚከፍለው ባጣ ጊዜ ትምህርቱን ወደ ገዛ ቤታቸው አስገቡት፤ ሳሎናቸውም የመማሪያ ክፍል ሆነ። ፌብሩዋሪ 27 ቀን 1964 በ105 ዓመታቸው ዐረፉ፤ የተቀበሩትም በተወለዱበት በራሌይ ነው።