የጠጠሩ ሐኪም፦ አቡል ቃሲም አልዘህራዊ



ባለፈው ዓመት በእረፍት ወደ ላስታ ስገባ አጎቴ ከአውድማ መልስ ታመው ጠበቁኝ። ሕመሙ ከጎድን አጥንት በታች ከጀርባ ተነስቶ ወደ ብሽሽት ይወርዳል፤ መጥቶ ይሄዳል፣ ደግሞ ይመጣል። መቀመጥም መተኛትም አልቻሉም። ጎረቤቱ ብርድ ነው አለ። አንድ ወጣት ደግሞ ቢራ ቢጠጡ ጠጠሩን ጠርጎ ያወርደዋል ብሎ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ። ይህ ወሬ እዚህ ግቢያችን ውስጥም አለ። መድረሳ ሳለሁ ስማቸውን ብቻ የሰማሁትን ሐኪም ታሪክ ማንበብ የጀመርኩት ከዚያ በኋላ ነው።

አቡል ቃሲም ኸለፍ ኢብኑ ዓባስ አልዘህራዊ (ረሒመሁላህ) የተወለዱት እ.ኤ.አ. በ936 አካባቢ ነው። በዚያው ዓመት ኸሊፋ ዓብዱረሕማን ሣልሳዊ ከቁርጡባ በስተ ምዕራብ መዲነቱ ዘህራን ማስገንባት ጀመሩ፤ የሐኪሙም ስም ከዚህች ከተማ የመጣ ነው። የዘር ሐረጋቸው ደግሞ ወደ መዲና አንሷሮች ይመዘዛል። ስለ ልጅነታቸውና ስለ ቤተሰባቸው የተጻፈው እጅግ ጥቂት ነው። የምናውቃቸው በሥራቸው ነው። ሃምሳ ዓመት ያህል ካከሙ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1000 አካባቢ አት-ተስሪፍ የተባለውን ባለ 30 ክፍል ኪታብ ፈጸሙ። የመጨረሻው ክፍል ስለ ቀዶ ሕክምና ሲሆን፣ ወደ 200 የሚጠጉ መሣሪያዎች በሥዕል ተቀምጠውበታል። የምህንድስና ተማሪ ነኝና፣ እኔን የያዘኝ ይሄ ነው፤ የመሣሪያው ቅርጽ፣ ጫፉ፣ ከምን እንደሚሠራ ሁሉ ተገልጿል።

ወደ ጠጠሩ እንምጣ። ኩላሊት ደምን አጣርቶ ትርፉን ከውሃ ጋር ያወጣል። ውሃው ሲያንስ በሽንት ውስጥ ያሉት እንደ ካልሲየም ኦክሳሌት ያሉ ጨዎች ይጋገራሉ፤ በማንቆርቆሪያ ታች የሚይዘውን ነጭ ነገር አስቡት። ከኩላሊት ወደ ፊኛ የሚወርደው ቧንቧ ርዝመቱ 25 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ስፋቱ ግን 3 እና 4 ሚሊ ሜትር ብቻ። ጠጠር ሲወተፍበት ሽንቱ ከኋላ ይጠራቀማል፣ ኩላሊቱ ይወጠራል፣ ቧንቧው ጠጠሩን ለመግፋት ይኮማተራል። አጎቴን ያንከባለላቸው እሱ ነው።

አልዘህራዊ ኩላሊትን አልቀደዱም። እጃቸው የደረሰው ወደ ፊኛ ለወረደው ጠጠር ነው። በሽተኛው አስቀድሞ አንጀቱ እንዲጸዳ ያደርጋሉ፤ ጠጠሩን በጣታቸው ወደ ፊኛው አንገት ገፍተው ከታች ይቀዳሉ። ቀዳዳው ከውጭ ሰፋ፣ ከውስጥ ጠጠሩን ለማሳለፍ ያህል ጠበብ ይላል። ጠጠሩ ትልቅ ከሆነ በጉጠት ሰባብሮ ማውጣት እንጂ በግድ መጎተት አይፈቅዱም፤ የቀረ ስባሪም እንደገና ያድጋልና አንድም እንዳይቀር ያስጠነቅቃሉ። በሽንት መውጫው ውስጥ ለተሰነቀረ ትንሽ ጠጠር ደግሞ ሚሽዓብ የሚባል፣ ጫፉ ሦስት ማዕዘን የሆነ የብረት መሰርሰሪያ ነበራቸው። ጠጠሩ ወደ ኋላ እንዳይመለስ በክር ያስሩና በዝግታ እያዞሩ ይበሱታል፤ የተሰበረውን ሽንት ያወጣዋል። ዛሬ ሐኪሞች ጠጠርን በሌዘርና በድምፅ ሞገድ ይሰብራሉ፤ ሐሳቡ ግን ያው ሰብሮ ማውጣት ነው።

እህቶችን የሚመለከትም ጽፈዋል። ሴት ስትታመም የሠለጠነች ሴት ሐኪም እንድትፈለግ፣ ካልተገኘች ልምድ ያላት ሴት በጨዋ ሐኪም መሪነት እንድትመረምራት ያዝዛሉ። እንግዲህ ሕክምና ለሚያጠኑ እህቶቻችን የቤት ሥራው ከሺህ ዓመት በፊት ተሰጥቷል።

ከሁሉ የገረመኝ ግን ያልሠሩት ሥራ ነው። አንድ በዕድሜ የገፉ ሰው ትልቅ ጠጠር ይዟቸው አልዘህራዊ ተጠሩ። የጠጠሩን መጠንና የሰውየውን አቅም አይተው፣ ቢቀደዱ እንደሚሞቱ ተረዱና እጃቸውን ሰበሰቡ። ሌላ ሐኪም ገባበት፤ ጠጠሩን ከፊኛው ቁራጭ ጋር አወጣው። ሰውየው በሦስት ቀን ገደማ ሞቱ። አልዘህራዊ ይህን በቀዶ ሕክምናው ክፍል መግቢያ ላይ ያስቀመጡት የአካልን አሠራር ሳያጠኑ ምላጭ የሚያነሱትን ለማስጠንቀቅ ነው። በእኔ እይታ፣ ስለ መሰርሰሪያው ስናወራ ይህን ታሪክ መዝለላችን ጥፋት ነው።

የመጨረሻ ዘመናቸው በፊትና ያለፈ ነው። መዲነቱ ዘህራ እ.ኤ.አ. በ1010 ገደማ ተዘርፋ ወደመች፤ እሳቸውም በ1013 አካባቢ አረፉ። በ12ኛው ክፍለ ዘመን የክሬሞናው ጄራርድ የቀዶ ሕክምናውን ክፍል ቶሌዶ ላይ ወደ ላቲን መለሰው፤ አውሮፓም አልቡካሲስ ብሎ ለዘመናት ተማረበት።

አጎቴ በማግስቱ ሆስፒታል ሄዱ። አልትራሳውንዱ ያሳየው ጠጠር 5 ሚሊ ሜትር አይሞላም ነበር። ይህን የሚያህለው በአብዛኛው በውሃና በማስታገሻ ራሱ ይወርዳል፤ ወረደላቸውም። ቢራውን የመከረው ልጅ የሳተው እዚህ ጋ ነው፦ የሚያወርደው ፈሳሹ ነው፤ የቢራ ፑሪን ግን ዩሪክ አሲድን ጨምሮ ለሌላ ዓይነት ጠጠር መንገድ ይከፍታል። ከሕመሙ ጋር ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ከመጣ ወይም ሽንት ከተቋረጠ ግን ውሃ እየጠጡ መጠበቅ አይደለም፤ የዚያኑ ሰዓት ወደ ሐኪም ነው። በረመዳን ከኢፍጣር እስከ ሱሑር ውሃውን ከፋፍላችሁ ጠጡ፤ ጠጠር ይዞት የሚያውቅ ደግሞ ወሩ ሳይገባ ሐኪሙን ያማክር። አጎቴ አሁን አውድማ ሲወርዱ ባለ 5 ሊትር ጀሪካን ይዘው ነው።