ኢዮብ ሉዶልፍ፤ ከኅትመት ስሕተት እስከ ምንጭ አጠቃቀስ

በአውሮፓ የኢትዮጵያ ጥናት መሥራች ተደርጎ የሚቆጠረው ኢዮብ ሉዶልፍ በ1624 (ዓመታቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) በጀርመን አገር በኤርፉርት ከተማ ተወለደ። ግእዝን በወጣትነቱ የተማረው በዘመኑ ከነበሩት ጥቂት የታተሙ መጻሕፍት በመሆኑ ያነብ ነበር እንጂ መናገር አይችልም ነበር። ይህን ጉድለት የሞሉለት በ1649 ሮም ውስጥ ያገኛቸው የአምሐራው ተወላጅ አባ ጎርጎርዮስ ናቸው። በ1652 የጎታው መስፍን ኤርንስት አባ ጎርጎርዮስን ወደ ግዛቱ ሲጋብዝ ጥያቄና መልሳቸው በሰፊው ቀጠለ። አባ ጎርጎርዮስ በ1658 ወደ አገራቸው ሲመለሱ በእስክንድሩና አቅራቢያ በደረሰ የመርከብ አደጋ አረፉ።

የሉዶልፍ የግእዝ መዝገበ ቃላትና ሰዋስው በ1661 በለንደን ታተመ። ማተሚያ ቤቱ በ1657 ለተጠናቀቀው የብዙ ልሳናት መጽሐፍ ቅዱስ ያገለገሉ የግእዝ ፊደላት ነበሩት። ይሁን እንጂ ሥራውን የተቆጣጠረው ደራሲው ሳይሆን ደቀ መዝሙሩ ቫንስሌብ ነበር። ስሕተቶችና ያልተፈቀዱ ጭማሪዎች ስለ ገቡበት ሉዶልፍ በኅትመቱ አልተደሰተም። የታረመውን መዝገበ ቃላት በፍራንክፈርት ያሳተመው ከ38 ዓመት በኋላ በ1699 ሲሆን፣ ሰዋስዉም በ1702 ተከተለ።

በአራት መጻሕፍት የተከፈለው የኢትዮጵያ ታሪክ በ1681 ወጣ። ሰፊው ማብራሪያና የሰነድ ማስረጃ ግን ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በ1691፣ ራሱን በቻለ ጥራዝ ታተመ። ይህ አከፋፈል ትረካውን ከማስታወሻ ጫና ነጻ ሲያደርገው፣ ማስረጃውን የሚሻ አንባቢ ሁለት ጥራዞችን ጎን ለጎን እንዲገልጥ አስገድዷል። ሁለቱን ያገናኘው የመጽሐፉና የምዕራፉ ቁጥር ነው። የገጽ ቁጥር በየኅትመቱ ሲለዋወጥ የምዕራፍ ቁጥር ግን ስለሚጸና፣ ስልቱ ዛሬም በጥንታዊ ድርሳናት አጠቃቀስ ይሠራበታል።

ሉዶልፍ በ1698 የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት አሳትሞ በ1704 በፍራንክፈርት ሞተ። በታሪክ መጽሐፉ አባ ጎርጎርዮስን በስማቸው እየጠራ ዋና የመረጃ ምንጩ መሆናቸውን ገልጿል፤ ምስላቸውም በ1691ዱ ጥራዝ ይገኛል። ከቃል የተገኘ ዕውቀት የባለቤቱ ስም ተዘልሎ ቢመዘገብ ኖሮ የአባ ጎርጎርዮስ ድርሻ ከባሕሩ አደጋ ጋር በጠፋ ነበር። የኅትመቱን ስሕተት ለማረም አሥርት ዓመታት ወስደዋል፤ ያልተጠቀሰን ምንጭ ግን ከዘመናት በኋላ መልሶ ማግኘት እጅግ አዳጋች ነው።