አደራን ወደ ብድር የለወጠው ነጋዴ፦ የዙበይር ኢብኑል ዐዋም ሀብት፣ ዕዳና ኑዛዜ

የዓለም ገበያ በተናወጠ ቁጥር ባለሀብቶች አንድ ጥያቄ ይመላለስባቸዋል፤ ገንዘብን በምን ላይ ማሳረፍ ይሻላል? በቦንድ፣ በአክሲዮን፣ በወርቅ፣ በነዳጅ ወይስ በመሬት? የተለመደው ምክር ሀብትን በአንድ ቦታ አለመከመር ነው። ምክሩ መልካም ቢሆንም ከእርሱ የሚቀድመውን ሌላ ጥያቄ ሳይመልስ ያልፋል፤ ኪሳራ ቢመጣ የሚሸከመው ማን ነው? ከ1,360 ዓመታት በላይ በፊት በዒራቅ ምድር የሞተ አንድ ነጋዴ ለሁለቱም ጥያቄዎች በሕይወቱም በሞቱም መልስ ትቶ አልፏል። እርሱም የነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ሶሓባ ዙበይር ኢብኑል ዐዋም (ረ.ዐ) ነው።

ዙበይር የተወለደው በመካ፣ ከቁረይሽ ጎሣ ነው። አባቱ ዐዋም የእመት ኸዲጃ (ረ.ዐ) ወንድም ሲሆን፣ እናቱ ሶፊያ ደግሞ የነቢዩ አክስት ነበረች። አባቱን በልጅነቱ በሞት በማጣቱ ያሳደገችው እናቱ ናት፤ አስተዳደጓም ጥብቅ ነበር። እስልምናን የተቀበለው ገና በለጋ ዕድሜው፣ ከመጀመሪያዎቹ ጥቂት አማኞች ጋር ነው። አጎቱ በምንጣፍ ጠቅልሎ በጢስ እያፈነ ወደ ቀድሞው እምነት ሊመልሰው ቢሞክርም ልጁ አልተበገረለትም።

የቁረይሾች በደል እየበረታ ሲሄድ፣ እ.ኤ.አ. በ615 ነቢዩ ተከታዮቻቸው ፍትሕ ወደሚገኝበት ወደ ሐበሻ ምድር እንዲሰደዱ መከሩ። ዙበይርም ከስደተኞቹ አንዱ ነበር። በዚያው በስደት ምድር ሳሉ በንጉሡ በነጃሺ ላይ ተቀናቃኝ ተነሣና ሁለቱ ጦሮች ከወንዝ ማዶ ተሰለፉ። ንጉሡ ቢሸነፍ የስደተኞቹ ዕጣ ምን እንደሚሆን የሚያውቅ አልነበረም። ከመካከላቸው የጦርነቱን ውጤት አይቶ የሚመጣ ሰው ሲፈለግ፣ በዕድሜ ከሁሉም የሚያንሰው ዙበይር ራሱን አቀረበ። በአየር የተነፋ የውሃ አቁማዳ ደረቱ ሥር አድርጎ የዓባይን ውሃ እየዋኘ ተሻገረ፤ ውጊያውን አይቶም ልብሱን ከሩቅ እያውለበለበ የንጉሡን ድል ይዞ ተመለሰ። ይህን ታሪክ ያስተላለፈችው በዚያ ስደት የነበረችው እመት ኡሙ ሰለማ (ረ.ዐ) ናት። ሌሎች በሥጋት ሲጠብቁ አደጋውን ራሱ ላይ መውሰድ የዙበይር ጠባይ እንደነበር የኋላ ዘመኑም ያሳያል።

ዙበይር ከሐበሻ ከተመለሰ በኋላ ወደ ሻም በሚጓዙ ቅፍለቶች ይነግድ ነበር። ነቢዩና አቡበክር (ረ.ዐ) እ.ኤ.አ. በ622 ወደ መዲና ሲሰደዱ፣ ከሻም ንግድ ከሚመለሱ ሙስሊም ነጋዴዎች ጋር መንገድ ላይ አግኝቷቸው ሁለቱንም ነጭ ልብስ አልብሷቸዋል። ሆኖም ስደቱ ሁሉንም ከዜሮ አስጀመረው። የአቡበክር ልጅ አስማእ (ረ.ዐ) ዙበይር ባገባት ጊዜ ከአንድ ፈረስና ውሃ ከሚቀዳበት ግመል በቀር በምድር ላይ ምንም እንዳልነበረው ተናግራለች። ፈረሱን የምትቀልበው፣ ውሃ የምትቀዳውና ዱቄት የምታቦካው እርሷ ነበረች። ነቢዩ ለዙበይር ከሰጡት መሬትም የተምር ዘር በራሷ ላይ ተሸክማ ረጅም መንገድ በእግሯ ትመላለስ ነበር። የኋላው ታላቅ ሀብት የተጀመረው ከዚህች ቁራሽ መሬትና ከዚህች ሴት ድካም ነው።

በቀጣዮቹ ዓመታት ዙበይር ከነቢዩ ጋር በበድር፣ በኡሑድና በኸንደቅ ተሰልፏል፤ ነቢዩም የቅርብ ረዳታቸው መሆኑን በሚገልጽ የክብር ስም ጠርተውታል። በዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ) ዘመን ወደ ግብጽ ከተላከው ረዳት ጦር መሪዎች አንዱ ሆኖ በባቢሎን ምሽግ ላይ ግንቡን በመሰላል ወጥቷል። እ.ኤ.አ. በ644 ዑመር ሊሞት ሲል ተተኪውን ኸሊፋ እንዲመርጡ ከሰየማቸው ስድስት ሰዎችም አንዱ ነበር።

ይህ ሁሉ ሲሆን ዙበይር ገዥነት፣ የግብር ሰብሳቢነትም ሆነ ሌላ የመንግሥት ሹመት በሕይወቱ አልያዘም። ሀብቱ የመጣው ከንግድ፣ ከነቢዩና ከሦስቱ ኸሊፋዎች ጋር በዘመተባቸው ጦርነቶች ከደረሰው ድርሻና ከመሬት ነው። ያገኘውንም በአንድ ከተማ አልከመረም። በመዲና 11 ቤቶች፣ በበስራ ሁለት ቤቶች፣ በኩፋ አንድ ቤት፣ በግብጽ አንድ ቤት ነበረው። ከሁሉም የሚልቀው ከመዲና በስተሰሜን የሚገኘው ጋባ የተባለው ሰፊ መሬት ነበር። የነቢዩ ሚንበር የተሠራው ከጋባ ዛፎች በተቆረጠ እንጨት ነው። ዙበይር ይህን መሬት የገዛው በ170,000 ድርሃም ነበር።

በዘመኑ ሰዎች ዘንድ ስሙን ያስከበረው ግን የመሬቱ ስፋት ሳይሆን ታማኝነቱ ነበር። ገንዘብ ያለው ሰው ከቤቱ የተሻለ ማስቀመጫ በማያገኝበት በዚያ ዘመን፣ ብዙዎች ገንዘባቸውን በአደራ እንዲይዝላቸው ወደ ዙበይር ያመጡ ነበር። እርሱም በአደራ መልክ አልቀበልም፣ በብድር መልክ ግን እቀበላለሁ ይላቸው ነበር። ምክንያቱም ገንዘቡ ቢጠፋ ባለቤቱ እንዳይጎዳ መሥጋቱ ነው።

ልዩነቱ የስም ብቻ አይደለም። በእስልምና ሕግ አደራ ተቀባይ ቸልተኛ እስካልሆነ ድረስ ንብረቱ ቢሰረቅ ወይም ቢቃጠል ተጠያቂ አይሆንም፤ ጉዳቱ የባለቤቱ ነው። በሌላ በኩል አደራውን ያለ ፈቃድ ሊጠቀምበት አይችልም። ብድር ግን ከዚህ ይለያል። ተበዳሪው በገንዘቡ ሊሠራበት ይችላል፤ ቢጠፋም ባይጠፋም ግን ሙሉውን የመመለስ ግዴታ አለበት። ዙበይር አደራውን ወደ ብድር ሲለውጥ ለገንዘቡ ባለቤት ዋስትና ሰጠ፣ ራሱ ደግሞ በገንዘቡ የመሥራት መብት አገኘ። በዛሬው ቦንድ አበዳሪው ወለድ ይቀበላል፤ በዙበይር ብድር ወለድ አልነበረበትም። አበዳሪው ያገኘው ትርፍ ገንዘቡ እንደማይጠፋበት ማወቁ ብቻ ነበር፤ የዋጋ መውጣትና መውረድ፣ የድርቅና የጦርነት አደጋ በሙሉ በዙበይር ትከሻ ላይ ወደቀ።

አደጋውም ቀላል አልነበረም። የሰዎቹ ገንዘብ ባለቤቱ በጠየቀ ጊዜ ሊመለስ የሚገባው ጥሬ ገንዘብ ሲሆን፣ የዙበይር ሀብት ግን በአንድ ቀን የማይሸጥ መሬትና ቤት ነበር። የዛሬ የፋይናንስ ባለሙያዎች ባንኮችን የሚያስጠነቅቁት ስለዚሁ ክፍተት ነው። ሀብት ከዕዳ ቢበልጥም በሚፈለግበት ቀን ወደ ገንዘብ ካልተለወጠ ባለሀብቱን ከውድቀት አያድነውም። ዙበይር ሲሞት አንድ ዲናርም ሆነ አንድ ድርሃም በእጁ አልነበረም።

ክፍተቱ የተፈተነው በታላቅ ፈተና ቀን ነው። ከኸሊፋው ዑስማን (ረ.ዐ) መገደል በኋላ ሙስሊሞች ተከፋፈሉ፤ እ.ኤ.አ. በ656፣ በ36ኛው ዓመተ ሒጅራ፣ ሁለት ወገኖች በበስራ አጠገብ ተፋጠጡ። በዚያ ቀን ዙበይር ልጁን ዐብደላህን ጠርቶ፣ ተበድሎ የሚገደል እንደሚመስለውና ከሁሉም በላይ የሚያስጨንቀው ዕዳው መሆኑን ነገረው። ንብረቱን ሸጦ ዕዳውን እንዲከፍል፣ ከዕዳ ከተረፈውም ሲሶውን ለኑዛዜ እንዲያውል፣ ከዚያም ሲሶ ሲሶው ለዐብደላህ ልጆች እንዲሆን አዘዘው። አቅም ቢያጥረው በጌታው እንዲታገዝ ጨመረለት። ዐብደላህ የትኛውን ጌታ ማለቱ እንደሆነ ሳይገባው ጠየቀ፤ አባቱም አላህን ማለቱ መሆኑን ነገረው።

ከዚያም ዐሊ ኢብኑ አቢ ጣሊብ (ረ.ዐ) ሁለቱም ከነቢዩ የሰሙትን ቃል ባስታወሰው ጊዜ ዙበይር ውጊያውን ትቶ ወጣ። በመመለስ ላይ ሳለ ግን ዋዲ አስ-ሲባዕ በተባለው ሸለቆ ተከታትሎ የመጣ ሰው ገደለው። ዛሬ በደቡብ ዒራቅ፣ ከበስራ አጠገብ ያለችው ከተማ በስሙ ዙበይር ተብላ ትጠራለች።

ዐብደላህ ዕዳውን ሲደምረው 2,200,000 ድርሃም ሆኖ አገኘው። የአባቱ የአጎት ልጅ፣ የዕድሜ ባለጸጋው ነጋዴ ሐኪም ኢብኑ ሒዛም (ረ.ዐ) የዕዳውን መጠን ሲጠይቀው፣ ዐብደላህ አብዛኛውን ሸሽጎ 100,000 ብቻ መሆኑን ነገረው። ሐኪም ይህንኑ እንኳ ንብረቱ የሚሸፍነው አልመሰለውም። እውነተኛው አኃዝ በተነገረው ጊዜ ደግሞ የማይቻል ሸክም መሆኑን ገልጾ፣ ካቃተው እርሱን እንዲጠራው አሳሰበ።

ዐብደላህ አልተጣደፈም፤ ጋባን በአንድ ጊዜ ለአንድ ገዢ በርካሽ አልሸጠም። መሬቱን እያንዳንዳቸው 100,000 ድርሃም በሚያወጡ 16 ድርሻዎች ከፈለና ከዙበይር የሚፈልግ ሁሉ በጋባ እንዲገናኘው አስነገረ። 170,000 የወጣበት መሬት 1,600,000 አወጣ። 400,000 ድርሃም ያበደረው ዐብደላህ ኢብኑ ጀዕፈር ዕዳውን ሊምር ወይም ሊያቆይ ፈቃደኛ መሆኑን ገለጸ። የዙበይር ልጅ ሁለቱንም አልተቀበለም፤ ከመሬቱ አራት ድርሻ ለክቶ ሰጠው። ኢብኑ ጀዕፈር ያንኑ ድርሻ ኋላ ለሙዓዊያ (ረ.ዐ) በ600,000 ሸጦታል። ገንዘቡን የያዘ ሰው ያላጣው ብቻ ሳይሆን ያተረፈበትም ሆነ።

ዐብደላህ ዕዳው በከበደው ቁጥር የዙበይርን ጌታ ዕዳውን እንዲከፍልለት ይለምን እንደነበርና መክፈያው ይገኝ እንደነበር መስክሯል። ከጋባና ከቤቶቹ ሽያጭ ዕዳው በሙሉ ተከፈለ። ወራሾቹም ንብረቱ እንዲከፋፈል ጠየቁ። ዐብደላህ ግን ለአራት ዓመታት በሐጅ ወቅት ከዙበይር ላይ ዕዳ ያለው ይምጣ ብሎ ሳያውጅ አላካፍልም አለ። ከየአገሩ ሰው የሚሰበሰብበት ከሐጅ የተሻለ ቦታ አልነበረም፤ ሩቅ አገር ያለ ያልታወቀ አበዳሪ ቢኖር በአራት ዓመት ውስጥ ወሬው ሊደርሰው ይችላል። ወራሾቹ አራቱን ዓመታት ጠበቁ።

በአራተኛው ዓመት መጨረሻ ሀብቱ ተከፋፈለ። ሲሶው ለኑዛዜ ከወጣ በኋላ ለአራቱ ሚስቶች ለእያንዳንዳቸው 1,200,000 ድርሃም ደረሳቸው። ጠቅላላ ሀብቱ 50,200,000 እንደነበር ኢማም ቡኻሪ በዘገቡት ትረካ ተመልክቷል። የሐዲስ ሊቃውንት ይህን ቁጥር ደግመው አስልተውታል። የሚስቶች ድርሻ 4,800,000 የውርሱ አንድ ስምንተኛ ከሆነ፣ ውርሱ 38,400,000 ይሆናል፤ ኑዛዜውና ዕዳው ሲደመሩበት ድምሩ 59,800,000 ይደርሳል። ኢብኑ ሐጀር አል-ዐስቀላኒ ካወሷቸው ማብራሪያዎች አንዱ፣ የ9,600,000 ልዩነቱ በአራቱ ዓመታት ጥበቃ የመጣ የንብረቱ ዕድገት ነው ይላል። በዚህ ስሌት መሠረት ባለዕዳን ፍለጋ የተደረገው መዘግየት ወራሾቹን አልጎዳቸውም፤ ሀብታቸውን አንድ አምስተኛ ያህል አሳደገላቸው።

ዙበይር ቤቶቹን ወቅፍ ሲያደርግም ስለ ሴት ልጆቹ ደንግጎ ነበር። ከባሏ የተለየች ሴት ልጅ ማንንም ሳትጎዳ፣ ማንም ሳይጎዳት በቤቱ ትኖራለች፤ በባሏ ስትታገዝ ግን በቤቱ መብት አይኖራትም። ገበያ ሊያረጋግጥ የማይችለውን፣ መጠለያ የሌላትን ልጅ ነገ፣ አስቀድሞ ዋስትና ሰጠው።

ዛሬ በባዕድ አገር የሚሠሩ ብዙዎች የድካማቸውን ዋጋ በሚያምኑት ሰው እጅ ያስቀምጣሉ፤ ሌሎችም ለኩባንያና ለባንክ ይሰጣሉ። ሁሉም በአንድነት ሊጠይቁት የሚገባው ጥያቄ ዙበይር ደጃፉ ላይ ገንዘብ ይዘው ለመጡት ሰዎች ቀድሞ የመለሰው ነው። ገንዘቡ በመሬትም ይሁን በንግድ፣ በአንድ ከተማም ይሁን በአራት፣ ቢጠፋ የሚከፍለው ማን እንደሆነ ከመጀመሪያው ቀን ተነግሯቸው ነበር። ከሞቱ በኋላም ልጁ ያንን ቃል በአራት ሐጅ አደባባዮች እያስነገረ ጠበቀ።