ካውንት ራምፎርድና የመድፍ መሰርሰሪያው ሙቀት

በኋላ ካውንት ራምፎርድ ተብሎ የታወቀው ቤንጃሚን ቶምሰን እ.ኤ.አ. በ1753 በሰሜን አሜሪካ፣ ማሳቹሴትስ ውስጥ በዎበርን ተወለደ። በነጻነቱ ጦርነት ለእንግሊዝ ንጉሥ አድሮ ይሰልል ስለ ነበር የትውልድ አገሩን ለቆ ተሰደደ። ጠባዩ ብዙም የሚወደድ አልነበረም፤ ሥራው ግን ሌላ ነው።

በባቫርያ መስፍን አገልግሎት ሳለ በሙኒክ የጦር መሣሪያ ግምጃ ቤት የመድፍ አፈሙዝ ሲሰረሰር ይቆጣጠር ነበር። ብረቱ በጥቂት ጊዜ ውስጥ መጋሉን፣ የሚወጣውም ፍቅፋቂ ከፈላ ውኃ ይበልጥ መሞቁን አስተዋለ። በዘመኑ ሙቀት ካሎሪክ የተባለ ረቂቅ ፈሳሽ ነው ይባል ነበር። እንዲህ ከሆነ ከብረቱ የሚወጣው ፈሳሽ አንድ ጊዜ ማለቅ ይኖርበታል።

ራምፎርድ ደነዝ መሰርሰሪያ አስገጥሞ ማሽኑን በፈረስ ጉልበት አስዞረ። ሲሊንደሩ ሙቀቱን ለአየር እንዳያስረክብ በወፍራም የሱፍ ጨርቅ ጠቀለለው። ከ960 ዙር በኋላ ቴርሞሜትሩ ከ60 ወደ 130 ዲግሪ ፋራናይት ወጣ፤ የተፋቀው ብናኝ ግን 54 ግራም ያህል ብቻ ነበር። ከዚያም ማሽኑን አቁሞ የብረቱን መብረድ በደቂቃ እየለካ መዘገበ፤ በ41 ደቂቃ 110 ላይ ደረሰ። አየሩ 60 ዲግሪ ስለ ነበር፣ የሲሊንደሩ የመብረድ ጊዜ መለኪያ በግርድፉ 2 ሰዓት መሆኑን ከዚህች ሠንጠረዥ ዛሬ ማስላት ይቻላል።

በእኔ አስተያየት ለሙያችን ከታዋቂው የውኃ ሙከራ ይልቅ የምትጠቅመው ይህች ሠንጠረዥ ናት። የቶርኖን ሙቀት በቀመር ለመግለጽ የሚነሣ መሐንዲስ ወደ አየርና ወደ ወለሉ የሚሄደውን ሙቀት ብዙ ጊዜ ከመጽሐፍ በተቀዳ አኃዝ ይገምታል፤ መስኮት ሲከፈት አኃዙ እንደሚለወጥ ይዘነጋል። የአንድ ሜትር ብረት በ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ልዩነት ከ0.1 ሚሊሜትር በላይ ስለሚረዝም ጉዳዩ ቀላል አይደለም።

በውኃው ሙከራ ሲሊንደሩ 8.5 ኪሎግራም ያህል ውኃ በያዘ የእንጨት ሣጥን ውስጥ ሆኖ ተሰረሰረ። በ2 ሰዓት ተኩል ውኃው ያለ እሳት ፈላ፤ ተመልካቹም ተደነቀ። የሥራው ዘገባ በ1798 ለንደን ውስጥ በሮያል ሶሳይቲ ተነበበ።

ራምፎርድ በ1799 በሮያል ኢንስቲትዩሽን ምሥረታ ተካፈለ። በኋላ ፓሪስ ሄዶ፣ ካሎሪክን ከንጥረ ነገሮች ተራ ያስገባውን የላቭዋዚዬን ሚስት፣ ባሏ ከሞተ በኋላ አገባ፤ ትዳሩ ግን አልሰመረም። በ1814 ፓሪስ አጠገብ በኦቶይ ሞተ።

ጁል በ1850 የራምፎርድን አኃዝ መልሶ ሲያሰላው ውጤቱ ከራሱ ልኬት በሲሶ ገደማ በለጠ። ለዚህ አንዱ ምክንያት የእንጨቱ ሣጥን የጠጣውና ወደ አየር የተበተነው ሙቀት ነው፤ ራምፎርድም ይህን በሒሳቡ እንዳላስገባ ራሱ አስታውቆ ነበር።