ነጋድራስ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ

ነጋድራስ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ (1860–1940 ዓ.ም.) ኢትዮጵያዊ ደራሲ፣ ሠዓሊ፣ የቋንቋ መምህርና ባለሥልጣን ነበሩ። በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ የታተመው «ልብ ወለድ ታሪክ» የተባለው መጽሐፋቸው በአማርኛ የተጻፈ የመጀመሪያው ልብ ወለድ ነው። በመንግሥት ሥራ የድሬዳዋ ነጋድራስ፣ በኋላም በሮም የኢትዮጵያ ጉዳይ ፈጻሚ ሆነዋል። በጣሊያን ወረራ ዘመን ለወራሪው በማደራቸው ስማቸው በሥነ ጽሑፍ ታሪክ በአድናቆት፣ በፖለቲካ ታሪክ ግን በወቀሳ ይነሳል።

ትውልድና ትምህርት

አፈወርቅ የተወለዱት በጣና ሐይቅ ዳር በምትገኘው ዘጌ ነው። ከእቴጌ ጣይቱ ብጡል ጋር ዝምድና ስለነበራቸው በወጣትነታቸው ወደ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ቀረቡ። በ1880 ዓ.ም. ገደማ ለትምህርት ወደ ጣሊያን ተልከው በቱሪን ከተማ ሥዕል ተማሩ። ወደ አገራቸው ተመልሰው ጥቂት ከቆዩ በኋላ፣ የራስ ዳርጌን ልጅ ጉግሣን ጨምሮ ከሁለት ወጣቶች ጋር ለትምህርት ወደ ስዊዘርላንድ ሄዱ። በአድዋ ጦርነት ወራት ግን ሦስቱም ትምህርታቸውን ትተው ወደ ጣሊያን ተሻገሩ። አገሪቱ ከጣሊያን ጋር በምትዋጋበት ጊዜ የተፈጸመው ይህ ድርጊት ከዳተኛ አሰኛቸው፤ ለብዙ ዓመታትም ከአገር ርቀው ኖሩ።

በጣሊያን ሳሉ በኔፕልስ የምሥራቅ ቋንቋዎች ተቋም አማርኛ አስተማሩ። ለተማሪዎቻቸውም የአማርኛ ሰዋስውና የንግግር መማሪያ መጻሕፍትን በጣሊያንኛ አዘጋጁ። ጣሊያናዊት አግብተው ቤተሰብ የመሠረቱትም በዚያው ነው።

ድርሰቶች

«ልብ ወለድ ታሪክ» በክርስቲያኖችና በአረመኔዎች መካከል በተነሳ ጦርነት ስለ ተበተነ አንድ ቤተሰብ ይተርካል። ምርኮኛውን የጦር አለቃ አንድ የማያውቀው ነጋዴ ገንዘብ ከፍሎ ነፃ ያወጣዋል። ልጁ ዋሕድ ያንን ባለውለታ ፍለጋ ወጥቶ በባርነት ይሸጣል። መንትያ እህቱ ጦቢያ ደግሞ የወንድ ልብስ ለብሳ ከአባቷ ጋር ወንድሟን ትፈልጋለች። መጨረሻው እርቅና ጋብቻ ነው፤ አረመኔው ንጉሥ ክርስትናን ተቀብሎ ጦቢያን ያገባል። መጽሐፉ ከጊዜ በኋላ በዋና ገጸ ባሕርይዋ ስም «ጦቢያ» ተብሎ ታውቋል። ልብ ወለድ የሚለው የድርሰት ዓይነት መጠሪያም ከዚህ መጽሐፍ ርዕስ እንደ መጣ ይታመናል።

በዚያው ዓመት ያሳተሙት የፈረንሳይኛና የአማርኛ የመንገደኞች መምሪያ ከስሙ በላይ ፖለቲካዊ ነው። ለንግግር ልምምድ በቀረቡት ጭውውቶች ውስጥ ወታደር በገበሬው ቤት ገብቶ የሚያደርሰውን በደልና የአስተዳደሩን ጉድለት ይነቅፋሉ። በ1901 ዓ.ም. የታተመው «ዳግማዊ ምኒልክ» ግን ንጉሠ ነገሥቱን አብዝቶ ያወድሳል፤ አፄ ዮሐንስንም ይነቅፋል። ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ በ1904 ዓ.ም. በታተመው «አጤ ምኒልክና ኢትዮጵያ» ይህንን አድሏዊነት ተችተዋል።

የድሬዳዋ ነጋድራስ

አፈወርቅ ወደ አገራቸው ተመልሰው በ1910ዎቹ ዓ.ም. የድሬዳዋ ነጋድራስ ሆኑ። ድሬዳዋ በ1895 ዓ.ም. የጅቡቲው ባቡር ከደረሰ ወዲህ የተቆረቆረች ከተማ ናት። አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ የሆነው፣ ዝናብ ሲጥል ግን በድንገት የሚሞላው የደቻቱ ወንዝ ለሁለት ይከፍላታል። በአንዱ ወገን ቀጥ ያሉ ጎዳናዎች ያሉትና የባቡር ጣቢያው የሚገኝበት ከዚራ፣ በሌላው ወገን ገበያው የደራበት መጋላ ይገኛል። በባቡር የሚወጣው ቡናና ቆዳ፣ የሚገባውም ጨርቅና ሸቀጥ በዚች ከተማ ጉምሩክ ያልፍ ስለነበር የነጋድራስነቱ ሹመት ትልቅ ነበር። ነጋድራስ ቀረጥ ያስከፍላል፤ የነጋዴዎችንም ክርክር ይዳኛል። ባለጉዳዮቹ ኢትዮጵያውያን ብቻ ሳይሆኑ ዓረቦች፣ ሕንዶች፣ ግሪኮችና ፈረንሳዮችም ነበሩ። ቀደም ሲል ተቺያቸው ገብረ ሕይወት ባይከዳኝም በዚሁ ከተማ ጉምሩክ በኃላፊነት ሠርተዋል። አስተዳደር ይሻሻል ብለው የጻፉ ሁለት ምሁራን በተከታታይ የተፈተኑበት ቦታ ነው።

በዚያ ዘመን ደራሲ ወደ ሥልጣን የሚደርስበት መንገድ ከአገር አገር ይለያይ ነበር። በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን እንግሊዝ ደራሲው ኤድዋርድ በልወር ሊተን የኸርትፎርድሺር አውራጃን ወክለው ፓርላማ ገብተዋል፤ አንቶኒ ትሮሎፕ ደግሞ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1868 በቤቨርሊ ተወዳድረው ተሸንፈዋል። በኢትዮጵያ ግን የመጀመሪያው ሕገ መንግሥት የወጣው በ1923 ዓ.ም. ነው፤ ያኔ የተቋቋመው ፓርላማ አባላትም በሕዝብ የተመረጡ አልነበሩም። እንደ አፈወርቅ ያለ ሰው ሥልጣን የሚያገኘው በንጉሡ ፈቃድ ብቻ ነበር፤ ተጠሪነቱም ለሾመው እንጂ ለሚያስተዳድረው ሕዝብ አልነበረም።

በወረራው ዘመን

አፈወርቅ ከድሬዳዋ በኋላ በሮም የኢትዮጵያ ጉዳይ ፈጻሚ ሆኑ፤ እስከ ጦርነቱ ዋዜማም በዚያ አገለገሉ። ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባን ስትይዝ ለወራሪው መንግሥት አደሩ። በጋዜጣ ለአገዛዙ ጻፉ፤ በዳኝነትም ተሹመው «አፈ ቄሳር» ተባሉ። ማዕረጉ የኢትዮጵያ ነገሥታት ለዋና ዳኛቸው ይሰጡት የነበረውን «አፈ ንጉሥ» የሚለውን ስም የተከተለ ነው። አርበኞች በዱር በገደል በሚዋጉበት ጊዜ የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ ደራሲ በወራሪው ስም ይፈርዱ ነበር።

በ1933 ዓ.ም. ነፃነት ሲመለስ አፈወርቅ ታሰሩ፤ ኋላም ወደ ጅማ ተጋዙ። የዓይናቸው ብርሃን ጠፍቶ በ1940 ዓ.ም. በዚያው አረፉ።

ቅርስ

የደራሲው ጥፋት መጽሐፋቸውን ከአንባቢ አላራቀውም። ጦቢያ ከአገሪቱ መጠሪያ ጋር የሚገጥመው ስሟ የኢትዮጵያ ምሳሌ ተደርጎ እንዲተረጎም ምክንያት ሆኗል። በሥነ ጽሑፍ ትምህርት የአፈወርቅ ሀብታም አማርኛ ዛሬም ይጠናል፤ በታሪክ ትምህርት ደግሞ ለውጥን የናፈቀ ምሁር እንዴት የባዕድ አገዛዝ አገልጋይ ሊሆን እንደሚችል ሕይወታቸው በምሳሌነት ይጠቀሳል።