የደምን ዙረት የገለጠው ሐኪም

ዛሬ የምናነሣው ዊልያም ሐርቬይ እንደ ኤውሮፓውያን አቈጣጠር በ1578 በእንግሊዝ አገር ተወልዶ፥ በኢጣልያ በፓዱዋ ሕክምና ተምሮ፥ የንጉሥ ሐኪም ለመሆን የበቃ ሰው ነው። ከጋሌን ጀምሮ 1400 ዓመት ያህል፥ ደም በጉበት ከምግብ ተሠርቶ በየአካላቱ ያልቃል ይባል ነበር። ሐርቬይ ግን ልብ በአንድ ምት የምትገፋውን ደም በምቷ ቍጥር ቢያባዛው፥ የግማሽ ሰዓቱ ብቻ በመላው ሰውነት ካለው ደም በለጠበት። ታዲያ ተመልሶ ካልዞረ በቀር ይህ ሁሉ ከወዴት ይመጣል? ይህን በ1628 በመጽሐፍ ባወጣው ጊዜ ዕብድ ነው ተባለና ብዙ በሽተኞች ሸሹት። እኛም ብንሆን ምናልባት በሸሸነው ነበር! ደም ከሚወጣበት ሥር ወደሚመለስበት ሥር የሚሻገርበትን መንገድ ሳያየው፥ መኖሩን ግን አምኖ በ1657 ሞተ። እነዚያን ከጠጕር የቀጠኑ ሥሮች ማልፒጊ የተባለው ኢጣልያዊ ሐኪም በ1661 በእንቍራሪት ሳንባ ላይ በማይክሮስኮፕ አያቸው።